ኮርዱ ልክ ነው፣ ግን ሬጌ አልሆነም፦ የቦብ ማርሌን ዘፈኖች ለመድረክ ማዘጋጀት

ጥያቄው፦ «ሐዋሳ ነን። አምስት ሆነን ባንድ አቋቁመናል፤ ድራም፣ ቤዝ፣ አንድ ጊታር፣ ኪቦርድና አንዲት ድምፃዊት። ጥር 29 ለቦብ ማርሌ ልደት የአንድ ሰዓት ፕሮግራም ተሰጥቶናል። ሁለት ወር ይቀረናል። ታዋቂ የሆኑትን አሥር ዘፈኖች መርጠናል፦ ‹ኖ ውማን ኖ ክራይ›፣ ‹ዋን ላቭ›፣ ‹ስሪ ሊትል በርድስ›፣ ‹ኢዝ ዚስ ላቭ›፣ ‹በፋሎ ሶልጀር›፣ ‹ሪደምፕሽን ሶንግ›፣ ‹ጌት አፕ ስታንድ አፕ›፣ ‹ዋር›፣ ‹ኤክሶደስ› እና ‹ዶንት ዎሪ ቢ ሃፒ›። ኮርዶቹ ቀላል ስለሆኑ በሁለት ሳምንት ጨረስናቸው። ቀድተን ስንሰማው ግን ሬጌ አይመስልም፤ የሠርግ ሙዚቃ ይመስላል። አንድ ጓደኛችን ‹ሐበሻ ሬጌ አይሆንለትም› ይላል። ችግሩ ምንድን ነው? የትኞቹን እንያዝ? አንዳንዶቹን በአማርኛ ብንዘፍንስ?»

«ዶንት ዎሪ ቢ ሃፒ»ን ዛሬውኑ ሰርዙት። የቦብ ማርሌ ዘፈን አይደለም። የዘፈነው ቦቢ ማክፌሪን የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የወጣውም በ1988 ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ቦብ ያረፈው ሜይ 11 ቀን 1981 ነው፤ ገና በ36 ዓመቱ። ዘፈኑ ከሞቱ ሰባት ዓመት በኋላ የመጣ ነው። ሰው የሚሳሳተው በ«ስሪ ሊትል በርድስ» ምክንያት ነው። እዚያም አዝማቹ «አትጨነቅ» ስለሚል ሁለቱ በጆሮ ተቀላቀሉ። ኢንተርኔት ላይም በቦብ ፎቶ ተለጥፎ ሲዞር ኖሯል። በልደቱ ቀን የሌላ ሰው ዘፈን በስሙ ብትጫወቱ ከታዳሚው መሀል የሚያውቅ አይጠፋም። ሻሸመኔ እኮ አፍንጫችሁ ሥር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ኮርዶቹ ቀላል ስለሆኑ ጨረስናቸው» ብላችኋል። ችግራችሁ እዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ። አዎ፣ «ስሪ ሊትል በርድስ» ሦስት ኮርድ ብቻ ነው። «ኤክሶደስ» ሰባት ደቂቃ ተኩል ያህል የሚሄደው ከሞላ ጎደል በአንድ ኮርድ ላይ ነው። ኮርዱን በአሥር ደቂቃ ትይዙታላችሁ። ዘፈኑ ግን ገና አልተነካም። ሬጌ ኮርድ ላይ የቆመ ሙዚቃ አይደለም። ድራምና ቤዝ ላይ ነው የቆመው። ከዚያ ደግሞ በሚመታው ብቻ ሳይሆን ሳይመታ በሚታለፈው ጭምር ነው የሚኖረው። እናንተ ቤቱን ከጣሪያው ጀምራችሁታል።

ከድራሙ እንነሳ። የቦብ ባንድ ድራመር ካርልተን ባሬት ነበር። ቤዝ የሚጫወተው ወንድሙ አስተን ባሬት ነበር፤ «ፋሚሊ ማን» ይሉት ነበር። ቦብን ቦብ ያደረገው ድምፅ ከእነዚህ ሁለት ወንድማማቾች እጅ ነው የወጣው። ካርልተን በዓለም ያስታወቀው ምት «ዋን ድሮፕ» ይባላል። አራት ቁጠሩ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። በአብዛኛው ሙዚቃ ባስ ድራሙ፣ ማለትም በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም፣ «አንድ» ላይ ይመታል። በዋን ድሮፕ «አንድ» ላይ ባስ ድራም የለም። ባዶ ነው። ባስ ድራሙና የስኔሩ (በዱላ የሚመታው ትንሹ ድራም) ጠርዝ አንድ ላይ የሚወድቁት «ሦስት» ላይ ነው። ጊታሩ «ሁለት» እና «አራት» ላይ ይቆርጣል። ስሙም ከዚያ መጣ፤ አንደኛዋ ምት ተጥላለች።

ድራመራችሁ በችክችካ ያደገ ልጅ ከሆነ ይህ ይከብደዋል። ችሎታ ስለሌለው አይደለም። እጁ የለመደው ሌላ ስለሆነ ነው። ችክችካ ላይ የመጀመሪያዋ ምት መሬት ናት። ሁሉም እሷን ረግጦ ነው የሚነሳው፤ ትከሻውም፣ እግሩም፣ ጭብጨባውም። ስለዚህ «አንድ»ን ባዶ መተው ነውር ይመስለዋል። ሳያውቀው በትንሽ የባስ ድራም ምት ይሞላታል። የቀዳችሁትን መልሳችሁ ስሙ። «አንድ» ላይ እግሩ ዱብ የሚል ከሆነ የሠርግ ሙዚቃ የመሰላችሁ ለዚህ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ድራመሩ ለአንድ ሳምንት ባስ ድራሙን፣ የስኔሩን ጠርዝና ሃይ-ሃቱን (ሁለቱን ተደራራቢ የነሐስ ሰሃኖች) ብቻ ይያዝ። ሌላውን ሁሉ ያርቀው። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 75 አካባቢ አድርጎ፣ በአፉ «አንድ» እያለ፣ በእግሩ ግን «አንድ»ን እየዘለለ ይለማመድ። መጀመሪያ ላይ የሚወድቅ ይመስለዋል። ያ ስሜት ትክክለኛው ስሜት ነው። ሲለምደው ይንሳፈፋል። ካርልተን ሃይ-ሃቱ ላይ የሚጨምራቸው የሦስት ሦስት ምቶች አሉ። እነሱን በሁለተኛው ወር ይንካቸው እንጂ አሁን አይሞክር።

ሁሉም ዘፈን ግን ዋን ድሮፕ አይደለም። «ኤክሶደስ» ላይ ባስ ድራሙ አራቱንም ምት ይመታል። «ስቴፐርስ» ይሉታል። ዘፈኑ ስለ ዘፀአት ነው፤ ሕዝብ ተነሥቶ እየሄደ ነው። ምቱ እንደ ሰልፍ እርምጃ የሆነው በምክንያት ነው። ስለዚህ ድራመራችሁ ሁሉንም ዘፈን በአንድ ዓይነት ምት መጫወት የለበትም። ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት «ባስ ድራሙ የት ነው የሚወድቀው?» ብሎ ይጠይቅ።

ቤዙ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔም ቤዝ ተጫዋች ነኝ፣ ነገሩ በደንብ ያገባኛል። በብዙ የኛ ሙዚቃ ቤዝ ዘፈኑን ደግፎ ይሄዳል። በሬጌ ቤዝ ራሱ ዘፋኝ ነው። «ስተር ኢት አፕ»ን አውጥታችሁ ስሙ። ድምፁንም ጊታሩንም በሐሳባችሁ አጥፏቸው። የቤዙን መስመር ብቻ በአፍ ማዜም ይቻላል፤ ራሱን የቻለ ዜማ ነው። አስተን ባሬት ብዙ ኖታ የሚደረድር ሰው አልነበረም። ጥቂት ኖታ ይመርጣል፤ ከዚያ ዝም ይላል። ዝምታው ከኖታው እኩል ይሠራል። ጀማሪ ቤዚስት ግን ያቺን ዝምታ ሲያይ ይፈራል። ተጫዋቹ የሰነፈ እንዳይመስል ብሎ ይሞላታል። እኔም ለረጅም ጊዜ ይህን አድርጌያለሁ። ኖታ በቀነስኩ ቁጥር ሰው እንደሚወዛወዝ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ዘፈኖቹን ያጠናችኋቸው በምንድን ነው? በስልክ ከሆነ፣ በስልኩ በራሱ ስፒከር ከሆነ፣ ቤዙን ጭራሽ አልሰማችሁትም። ትንሿ ስፒከር ዝቅተኛውን ድምፅ ማውጣት አትችልም። የምትሰሙት ጊታሩን፣ ድምፁንና ሃይ-ሃቱን ነው። የዘፈኑ ግማሽ የለም ማለት ነው። ብዙ ወጣት ባንዶች «ሬጌ ማለት ጊታሩ ቸክ ቸክ ሲል ነው» ብለው የሚያምኑት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ዘፈኖቹን እንደገና፣ ከባዶ፣ በደህና ማዳመጫ ወይም በትልቅ ስፒከር ስሟቸው። ሁለት ወር ካላችሁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት መስማት ላይ ብቻ ብታጠፏቸው አትከስሩም።

ጊታሩ ጸናጽል እንጂ አጃቢ ጊታር አይደለም ብላችሁ አስቡ። አጭር ነው። ቀኝ እጅ ይመታል፤ ግራ እጅ ወዲያው ከክሩ ላላ ብሎ ድምፁን ይገድለዋል። ኮርዱ ከተንጠለጠለ ሬጌው ሄደ። ኪቦርዱ ደግሞ ከጊታሩ ሥር እንደሚፈላ ውኃ ይንቆረቆራል፤ የኦርጋን ድምፅ ነው፣ ዝቅ ብሎ፣ በምቶቹ መሀል መሀል። ኪቦርዲስታችሁ ሠርግ ላይ ብቻውን ሙሉ ባንድ ሆኖ መጫወት የለመደ ከሆነ፣ ሁለት እጁን ሙሉ ቫዮሊንና ጡሩምባ እየደረበ ሁሉንም ቦታ ይሞላል። በዚህ ባንድ ውስጥ ያ አይፈለግም። ሌላም አለ፤ በኪቦርዱ ላይ «ሬጌ» የሚል የተዘጋጀ ሪትም ብታገኙ አትጫኑት። ድራመራችሁን ያበላሸዋል።

«ሐበሻ ሬጌ አይሆንለትም» ላለው ጓደኛችሁ አንድ ስም ንገሩት፦ ዳሎል። ኢትዮጵያውያን የመሠረቱት ባንድ ነው፤ መቀመጫው ቺካጎ ነበር። የቦብ ልጅ ዚጊ ማርሌና እህት ወንድሞቹ በ1988 «ኮንሸስ ፓርቲ» የተባለውን አልበም ሲያወጡ ያጀቧቸው የዳሎል ልጆች ናቸው። አልበሙ ግራሚ ተሸልሟል። የቦብን ልጆች ያጀበ እጅ የኛው እጅ ነበር። ችግሩ ደም አይደለም። ልምምድ ነው።

እናንተ ደግሞ ማንም ባንድ የሌለው ዕድል አላችሁ። ሻሸመኔ ከሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እዚያ ከካሪቢያን የመጡ ራስ ተፈሪያን ከነልጆቻቸው ይኖራሉ። ኒያቢንጊ የሚባለውን የከበሮ ሥርዓት የሚያውቁ ሽማግሌዎች አሉ። ሦስት ዓይነት ከበሮ ነው፤ ትልቁ ከባዱን ምት ይመታል፣ ሌላው ምቱን ይይዛል፣ ትንሹ በላያቸው ይጫወታል። ሬጌ ከዚህ ብዙ ወስዷል። ድራመሩና ቤዚስቱ አንድ ቅዳሜ ሄደው፣ ተዋውቀው፣ ፈቃድ ጠይቀው ቁጭ ብለው ይስሙ። ካሜራ ይዛችሁ አትሂዱ። ሥርዓቱ ጸሎት ነው። ቦብ ራሱም በ1978 ኢትዮጵያ መጥቶ ሻሸመኔን አይቷል።

ወደ ዘፈኖቹ ምርጫ። ዝርዝራችሁ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ «ሌጀንድ» ከተባለው ስብስብ ነው። ይህ አልበም የወጣው በ1984 ነው፤ ቦብ ከሞተ ሦስት ዓመት በኋላ። ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ዛሬ «የቦብ ታዋቂ ዘፈኖች» ሲባል ሁሉም ሰው የሚጠራው አንድ ዓይነት ዝርዝር የሆነው በሱ ምክንያት ነው። ጥሩ አልበም ነው። ግን መግቢያ በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ከ1976ቱ «ራስታማን ቫይብሬሽን» እና ከ1979ኙ «ሰርቫይቫል» አንድም ዘፈን አልገባበትም። «ዋር» የለም፣ «ዚምባብዌ» የለም፣ «አፍሪካ ዩናይት» የለም። እናንተ «ዋር»ን ከሌላ ቦታ አምጥታችሁ መጨመራችሁን ወድጄዋለሁ። የኢትዮጵያ ባንድ ሆናችሁ ያንን ብትተዉት ይቆጨኝ ነበር።

ቆራጥ ምክሬ ይሄ ነው፤ አሥሩን ወደ ሰባት አውርዱ። «ዶንት ዎሪ» ወጥቷል። «በፋሎ ሶልጀር»ንም ተዉት። ቦብ ከሞተ በኋላ በ1983 የወጣ ነው፤ ያለ ጡሩምባና ያለ ብዙ ድምፅ ሲጫወቱት ባዶ ይሆናል። «ዋን ላቭ»ን መተው ያማችሁ ይሆናል። ሆኖም ከ«ስሪ ሊትል በርድስ» ጋር መንፈሳቸው ይቀራረባል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዱ ይበቃል። ሕዝቡ ከጠየቀ መጨረሻ ላይ አዝማቹን ከሱ ጋር ዘምራችሁ ታልፋላችሁ። ሰባት ዘፈን ለአንድ ሰዓት ያንሳል ብላችሁ አትስጉ። ጃማይካውያን «ደብ» የሚሉት አሠራር አለ። ዘፈኑ መሀል ላይ ጊታሩም ኪቦርዱም ድምፁም ይወጡና ድራምና ቤዝ ብቻቸውን ይቀራሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ይመለሳሉ። «ኤክሶደስ»ን እና «ጌት አፕ ስታንድ አፕ»ን እንዲህ አድርጋችሁ አሥር አሥር ደቂቃ ልትወስዷቸው ትችላላችሁ። ሰው የሚጨፍረውም ያኔ ነው።

«ኖ ውማን ኖ ክራይ» ላይ ሁለት ነገር አስተካክሉ። አንደኛ ትርጉሙን። አብዛኛው ሰው «ሴት ከሌለች ለቅሶ የለም» ይለዋል። አይደለም። በጃማይካ አነጋገር ሁለተኛዋ «ኖ» «አት-» እንደ ማለት ናት። «አይ፣ አንቺ ሴት፣ አታልቅሺ» ነው የሚለው። በኛ አማርኛ «አይዞሽ፣ አታልቅሺ» ብትሉት ልኩን አገኛችሁ። አንዲትን ሴት በድህነት መሀል የሚያጽናና ዘፈን ነው፤ ትሬንችታውን የሚባለውን የኪንግስተን ድሃ ሰፈር፣ የማታውን እሳት፣ የሚበላውን ገንፎ እያነሣ። ድምፃዊታችሁ ይህንን ስታውቅ አዘፋፈኗ ይለወጣል። የግጥሙ ደራሲ ተብሎ የተመዘገበው ቪንሰንት ፎርድ ነው፤ እዚያው ሰፈር ለድሆች ምግብ የሚያበስል የቦብ ወዳጅ።

ሁለተኛ ቅጂውን። በ1974 «ናቲ ድሬድ» ላይ የወጣው የስቱዲዮ ቅጂ ድራም ማሽን አለበት፣ አጭር ነው። ዓለም የሚያውቀው ግን በጁላይ 1975 ለንደን ላይሲየም ቲያትር ውስጥ መድረክ ላይ የተቀዳውን ነው። ሰባት ደቂቃ ነው። ኦርጋኑ ቀድሞ ይገባል፤ ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት ሕዝቡ ራሱ ይዘምራል። ከዚያኛው ተማሩ። ፍጥነቱንም ጠብቁ። ሳያውቁት መፍጠን የሁሉም ወጣት ባንድ በሽታ ነው፤ በዚህ ዘፈን ላይ ደግሞ ይገድላል።

«ጌት አፕ ስታንድ አፕ»ን ቦብ የጻፈው ከፒተር ቶሽ ጋር ነው። ፒተርና በኒ ዌይለር ከ1963 ጀምሮ የቦብ ባንድ የሆነው የዌይለርስ መሥራቾች ናቸው፤ ከቦብ የተለያዩት በኋላ ነው። መድረክ ላይ ስማቸውን ጥሩ። ቦብ በላይሲየሙ ኮንሰርትም፣ በሴፕቴምበር 1980 ፒትስበርግ ባደረገው የሕይወቱ የመጨረሻ ኮንሰርትም የዘጋው በዚህ ዘፈን ነው። እናንተም በሱ ዝጉ።

«ሪደምፕሽን ሶንግ» ላይ ባንዱ ይረፍ። ቦብ የቀዳው በአንድ ጊታርና በድምፁ ብቻ ነው፤ በ1980 በወጣው «አፕራይዚንግ» አልበም ላይ። ሕመሙ በሰውነቱ እያለ ነው። ድራም አታስገቡበት። አእምሯችንን ከባርነት ነፃ ስለ ማውጣት የሚናገረው ስንኝ ከጃማይካዊው የጥቁሮች መብት ታጋይ ከማርከስ ጋርቬይ ንግግር የተወሰደ ነው። ጋርቬይ ያንን የተናገረው በ1937 ካናዳ፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ ሲድኒ በምትባል ከተማ ነው። አዳራሹ ማን ይባል ነበር መሰላችሁ? ምኒልክ አዳራሽ። በሩቅ አገር ያሉ ጥቁር ሠራተኞች አዳራሻቸውን በአድዋው ንጉሥ ስም ጠርተውት ነበር። ይህንን ከዘፈኑ በፊት በሁለት ዓረፍተ ነገር ለታዳሚው ብትነግሩት፣ አዳራሹ ዝም ይላል።

የአማርኛው ጥያቄ ላይ ደርሰናል። መልሴ አጭር ነው፤ አትተርጉሟቸው። አንደኛው ምክንያት ቋንቋው ነው። የጃማይካ ቃላት አጫጭር ናቸው፤ በምቶቹ መሀል ጣል ጣል ይላሉ። የአማርኛ ግሥ ይረዝማል፣ መጨረሻ ላይም ይመጣል። ቃሉን ለማስገባት ዜማውን ትዘረጋላችሁ፤ ዜማው ሲዘረጋ ያቺ ባዶ ምት ትሞላለች። ሁለተኛው ምክንያት መብት ነው። የሰው ግጥም ተርጉሞ ቀርጾ ማሰራጨት የባለመብቱን ፈቃድ ይፈልጋል። ዩቲዩብ ላይ ብትጭኑት ሊታገድባችሁ ወይም ገቢው ለባለመብቱ ሊሄድ ይችላል። ለመድረኩ ፕሮግራምም ቢሆን አዘጋጆቹ የፈቃዱን ነገር እንዲያጣሩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አማርኛ ሬጌ መሥራት ከፈለጋችሁ የራሳችሁን ግጥም ጻፉ።

አንድ ዘፈን ግን ከዚህ ይለያል። እሱም «ዋር» ነው። ብዙ ሰው «ከጃንሆይ ንግግር ሐሳብ ተወስዶ» ይላል። ሐሳብ ብቻ አይደለም የተወሰደው፤ ግጥሙ ከሞላ ጎደል ንግግሩ ራሱ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦክቶበር 4 ቀን 1963፣ በኛ በ1956 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ኒውዮርክ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት ቆመው ያደረጉት ነው። ዘር ከዘር ይበልጣል የሚለው አስተሳሰብ እስካልጠፋ ድረስ ሰላም እንደማይኖር፤ የአንጎላ፣ የሞዛምቢክና የደቡብ አፍሪካ ሕዝብ ነፃ እስካልወጣ ድረስ የአፍሪካ አህጉር ሰላም እንደማያውቅ። ዜማ ላይ ያዋቀሩት ተብለው የተመዘገቡት የቦብ ወዳጅ አለን ኮልና ድራመሩ ካርልተን ናቸው።

ንጉሡ ያንን ንግግር ያደረጉት በአማርኛ ነው። ቦብ የዘፈነው እንግሊዝኛውን ነው። ስለዚህ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ብትተረጉሙት የራሳችሁን ነገር በሰው በር ዞራችሁ እንደ መግባት ነው። የንጉሡ ንግግሮች ከተሰበሰቡባቸው መጻሕፍትና ቅጂዎች ዋናውን አማርኛ ፈልጉ። ከዚያ እንዲህ አድርጉት። ድራምና ቤዝ ብቻቸውን ይጀምሩ። ድምፃዊታችሁ፣ ወይም ከናንተ ውስጥ ረጋ ያለ ድምፅ ያለው ሰው፣ ከንግግሩ አንድ አንቀጽ በዋናው አማርኛ ያንብብ። አይዝፈነው፣ ያንብበው። አንቀጹ ሲያልቅ ጊታሩና ኪቦርዱ ይግቡ፣ እንግሊዝኛው ዘፈን ይጀመር። ጃማይካ ውስጥ ይህን ማድረግ የሚችል ባንድ የለም። እናንተ ትችላላችሁ።

ድምፃዊታችሁን በተመለከተ፣ ቦብ በዘፈነበት ቁልፍ እንድትዘፍን አታስገድዷት። «ኖ ውማን ኖ ክራይ» በሲ ነው፤ ለሷ በሚስማማት ከፍ ዝቅ አድርጉት። የጃማይካውያንን አነጋገር ለማስመሰልም አትድከም። ቃሉን በትክክል ትያዘው፤ የቀረው የራሷ ይሁን። ሌላው የጎደላችሁ ተቀባይ ነው። ከ1974 በኋላ ያለው የቦብ ድምፅ ከአይ-ስሪስ ተለይቶ አይታይም፤ ሪታ ማርሌ፣ ማርሻ ግሪፊትስና ጁዲ ሞዋት። ቢያንስ ሁለት ተቀባይ ሴቶች ፈልጉ። ካልተገኙ ቤዚስቱና ኪቦርዲስቱ አዝማቹን ይያዙ። የቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ያደጉ ልጆች ሦስት ድምፅ ከፋፍሎ መዘመር ቶሎ ይይዛሉ።

ስለ መልካችሁ አንድ ማሳሰቢያ። ሰው ሠራሽ ድሬድ አድርጋችሁ፣ የሐሺሽ ቅጠል የታተመበት ፖስተር ለጥፋችሁ አትውጡ። ቅጠሉ በአገራችን ሕግ ወንጀል መሆኑ አንድ ነገር ነው። ድሬዱ ደግሞ የሰው እምነት ነው። ከሻሸመኔ የሚመጡ ታዳሚዎች ይኖራሉ፤ ለነሱ ይህ የመድረክ ልብስ አይደለም። በሌላ በኩል ከታዳሚው መሀል ስለ ጃንሆይ አምላክነት የሚዘፈነው ነገር የሚከብደው ምእመን ይኖራል። ይህን ክርክር መድረክ ላይ አትክፈቱት። ቦብ ራሱ ኖቬምበር 1980 በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ መባሉን ግን መናገር ትችላላችሁ። ያጠመቁት አቡነ ይስሐቅ ናቸው። ሰው ይህንን ሲሰማ ዘፈኖቹን በሌላ ጆሮ ይሰማቸዋል።

የማይቻለውንም ልንገራችሁ። በሁለት ወር ዌይለርስን አትሆኑም። ባሬት ወንድማማቾች እዚያ የደረሱት ዓመታት አብረው ተጫውተው ነው። በደንብ የቆሙ ሰባት ዘፈኖች ግን ይወጣችኋል። አዳራሹ ጥሩ የቤዝ ስፒከር ከሌለው ያ ሁሉ ልፋት ሳይሰማ ሊቀር ስለሚችል አዘጋጁን ዛሬውኑ ጠይቁት። ሌላ ማንኛውም ነገር ቢቀር ይቅር፤ እሱን አትልቀቁ። ሳውንድ ማኑም «ቤዙ በዛ» ብሎ እንዳይቀንሰው ከፕሮግራሙ በፊት አብራችሁት አንድ የዌይለርስ አልበም ስሙ።

ነገ ልምምድ ላይ ጊታሩና ኪቦርዱ አይብሩ። ድምፃዊታችሁም ማይክ አትያዝ። ሦስቱ ግድግዳውን ተደግፈው ይቀመጡ። ድራሙና ቤዙ «ስተር ኢት አፕ»ን ብቻቸውን ሃያ ደቂቃ ሳያቆሙ ይጫወቱ። መድረክ ላይ አታቀርቡትም፤ ለልምምድ ነው። ሳይነገራቸው የሦስቱ አንገት መወዛወዝ እስኪጀምር ድረስ በየልምምዱ ይህንኑ ድገሙ። ከዚያ ጊታሩ ይግባ፣ በ«ሁለት» እና በ«አራት»።